ግሪን በጓሮ፣ ግሪን በቤዝመንት ወይስ ሜዳው ላይ? ከመክፈላችሁ በፊት

ባለፈው ጸደይ አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ሜሪላንድ ቤት ከገዛ ሁለት ዓመቱ፣ ጎልፍ ከጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነው። «ጓሮዬ ላይ ግሪን ላሠራ ነው፤ የትኛው ሣር ይሻላል?» አለኝ። ሠሪዎቹ የጠየቁትን ዋጋ ሲነግረኝ ትንሽ ዝም አልኩ። ደህና ያገለገለ መኪና ይገዛል።

«እሺ፣ ኳሷን የምትስታት በየት በኩል ነው?» አልኩት።

«ማለት?»

«በቀኝ ነው በግራ? ወይስ ሳትደርስ ትቆማለች?»

አያውቅም። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሣር ያማርጣል፣ ዋጋ ያወዳድራል፤ ምን ሊለማመድበት እንደሆነ ግን ራሱን አልጠየቀም። ለእሱ ስልክ ላይ የነገርኩትን ትንሽ አስፍቼ ልጻፈው፤ ብዙ ሰው ይኸንኑ ሲጠይቀኝ ስለከረመ።

ጎልፍ ለማያውቅ በአጭሩ፦ ግሪን ማለት ባንዲራውና ጉድጓዱ ያሉበት፣ በጣም አጭር ተደርጎ የታጨደ ሣር ነው። ኳሷ እዚያ ከደረሰች በኋላ አትበርም፤ ፓተር በሚባለው ዱላ እየተገፋች ትንከባለላለች። ይህን ፓት ማድረግ ይሉታል። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ፓሩ (ሜዳውን ለመጨረስ የተመደበው የምት ብዛት) 72 ከሆነ፣ በስሌቱ ውስጥ 36ቱ ምት ለግሪን የተመደበ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ሁለት። ግማሹ ጨዋታ እዚያች ቁራጭ ሣር ላይ ነው ማለት ነው። ቤት ውስጥ ያለ ጣጣ መለማመድ የሚቻለውም ይኸው ግማሽ ነው። ረጅሙን ዱላ ሳሎን ውስጥ ያወዛወዘ ሰው መጨረሻው አምፖል መግዛት ነው።

ልጅነቱን ብይ ሲጫወት ያሳለፈ ሰው ፓት ለመልመድ አይቸገርም ብዬ አምናለሁ። ያው ነው። መሬቱን ታያለህ፣ ጉድጓዷ ፊት ያለችውን ጠጠር ታነሳለህ፣ ጉልበትህን ትመጥናለህ። እኛ አፈሩን በመዳፋችን ስናስተካክል ማንም አይከለክለንም ነበር። ጎልፍ ግን በሕግ የጸና ነው፤ ሌላው ተጫዋች በጫማው ሹል የጫረውን የግሪን ሣር አስተካክሎ መግፋት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ጉድጓዱ ስፋቱ 10.8 ሳንቲሜትር ነው። ከ1891 ጀምሮ አልተነካም። ኳሷ ደግሞ 4.27 ሳንቲሜትር ገደማ ናት። ሲታይ ሰፊ ይመስላል። እንዲህ አስቡት፦ ከ2.4 ሜትር ላይ ቆማችሁ፣ የፓተራችሁ ፊት ከአንድ ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብሎ ከዞረ ኳሷ በጎን ታልፋለች። አንድ ዲግሪ በዓይን አይታይም። በአሜሪካው የወንዶች ፕሮፌሽናል ተከታታይ ውድድር፣ በፒጂኤ ቱር፣ የሚጫወቱት እንኳ ከዚህ ርቀት (8 ጫማ ነው) የሚያስገቡት ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ከ3 ጫማ 96 በመቶ፣ ከ10 ጫማ ደግሞ 40 በመቶ አካባቢ። ቴሌቪዥን ላይ ከ12 ሜትር ስትገባ ያየናት ኳስ ታሳስተናለች፤ ያልገቡትን ማን ያሳየናል?

እንግዲህ ፓት ውስጥ ሦስት ነገር አለ። አንደኛው መስመር ነው፤ ኳሷን ወዳሰባችሁበት አቅጣጫ ማስነሳት። ሁለተኛው ጉልበት ነው፤ ምን ያህል ትሂድ የሚለው። ሦስተኛው ተዳፋቱን ማንበብ ነው፤ ግሪኑ ወዴት ያዘነብላል፣ ኳሷ ወዴት ትታጠፋለች። ምርጫው ሁሉ የሚለካው በእነዚህ ነው። መስመር በ60 ዶላር የፓት መለማመጃ ምንጣፍ ይለመዳል። ጉልበት የሚለመደው ፍጥነቱ ከምትጫወቱበት ሜዳ ጋር ሲቀራረብ ብቻ ነው። ተዳፋት ማንበብ ደግሞ እውነተኛ ግሪን ላይ ካልሆነ በቀር፣ እኔ እስከማውቀው፣ ማንም ሸጦላችሁ አያውቅም።

ሜዳው ላይ ያለው ግሪን ምንድን ነው?

ሁለት የአሜሪካ ፔኒ ወስዳችሁ ደራርቡ። 3 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራሉ። የግሪን ሣር የሚታጨደው በዚህ ቁመት ነው፤ ለትልቅ ውድድር ሲሆን ከዚያም ያንሳል። ሣር በዚህ ቁመት መኖሩ ራሱ ይገርማል። የሚኖረውም ከሥሩ ባለው ነገር ነው። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር፣ ዩኤስጂኤ፣ ከ1960 ጀምሮ በሚመክረው አሠራር መሠረት ከላይ 30 ሳንቲሜትር የአሸዋ ድብልቅ፣ ከሥሩ 10 ሳንቲሜትር ጠጠር፣ ከዚያ በታች የውኃ ማስወገጃ ቱቦ አለ። የምትረግጡት ሣር ይምሰል እንጂ ሥራው የመሐንዲስ ነው።

የሣሩ ዓይነት እንደ አየሩ ይለያያል። ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ቤንትግራስ ይነግሣል። ሞቃት ቦታ ላይ ቤርሙዳ። ፖአ የሚባለው ደግሞ ሳይጠሩት የሚመጣ ሣር ነው፤ ብዙ ቦታ እንደ አረም ይነቀላል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው ፔብል ቢች ላይ ግን ግሪኑ እሱ ነው። ጆርጂያ ያለው ኦገስታ ናሽናል የጎልፍ ክለብ ግሪኖቹን ከቤርሙዳ ወደ ቤንትግራስ ለውጦ ለ1981 ውድድር አድርሷል፤ በዚያ ሙቀት ቤንትግራስ ማኖር ቀልድ አይደለም።

እኛ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ያለን ሰዎች ደግሞ መሐል ሰፋሪ ነን። የሣር ባለሙያዎች አካባቢያችንን የሽግግር ቀጠና ይሉታል። ለቤንትግራስ ሐምሌው ይሞቃል፤ ለቤርሙዳ የጥር ክረምቱ ይበርዳል። ቤርሙዳው ኅዳር ላይ እንደ ገለባ ይነጣል፣ እስከ ሚያዝያ ድረስም እንደዚያው ነው። ሁለቱም እኛ ጋ እንግዳ ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ጓሮ ስናወራ እንመለስበታለን።

ፍጥነቱስ? በ1935 የዩኤስ ኦፕን ውድድር ፔንስልቬንያ፣ ኦክሞንት ላይ ሲካሄድ ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የሚባል አማተር ተጫዋች ከተመልካቾቹ መሐል ነበር። ጂን ሳራዘን የተባለው ፕሮፌሽናል በፓተር የነካት ኳስ ግሪኑን ጨርሳ ወጥታ ዳር ያለው የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ስቲምፕሰን ግሪኑ ከልክ በላይ መፍጠኑን በቁጥር ማሳየት ፈለገ፤ ከእንጨት አንዲት ቦይ ሠራ። ኳሷን ቦዩ ላይ ታስቀምጣለህ፣ አንዱን ጫፍ ቀስ ብለህ ታነሳለህ፣ ኳሷ ከማረፊያዋ ትለቅቅና ትንከባለላለች። ስንት ጫማ ሄደች? ያ ነው ፍጥነቱ። ዩኤስጂኤ በ1976 በአሉሚኒየም አሻሽሎ ሠራው፤ ከ1978 ጀምሮም ለሜዳ ኃላፊዎች ማደል ጀመረ። ስሙ ስቲምፕሜትር ነው። ሰዉ ግን «ስቲምፑ ስንት ነው?» ነው የሚለው።

የሕዝብ ሜዳ ላይ 8 ወይም 9 ማግኘት የተለመደ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የምናየው ከ11 እስከ 13 ይደርሳል። ይህ ቁጥር ለቤት ምርጫ ወሳኝ ነው። ምንጣፋችሁ 12 ሆኖ ሜዳችሁ 8 ከሆነ፣ ቤት ውስጥ 3 ሜትር የምታስኬደው ምት ሜዳው ላይ 2 ሜትር ሄዳ ትቆማለች። አንድ ሙሉ ሜትር። ክረምቱን ሙሉ ተለማምዶ ጸደይ ላይ ኳስ የሚያጥርበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእጁ አይደለም፤ የምንጣፉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ የሕዝብ ሜዳዎች በራቸው አጠገብ የመለማመጃ ግሪን አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም በነጻ ነው። ፓተርና ሁለት ኳስ ይዞ መሄድ ብቻ። እዚህ ዲሲ ላንግስተን አለ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ሌላ ሜዳ ላይ በማይፈለጉበት ዘመን፣ በ1939፣ የተከፈተላቸው ሜዳ ነው። ሄይንስ ፖይንት ላይ ደግሞ ኢስት ፖቶማክ አለ። ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ያንን መንገድ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ እዚህ አገር መጀመሪያ ፓተር የያዝኩት እንደዚህ ያለ ነጻ ግሪን ላይ ነው። አንድ አዛውንት ቆመው ካዩኝ በኋላ ምንም ሳይሉ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ግሪኑ ላይ ሄዱ። «ተዳፋቱን እግርህ ከዓይንህ ቀድሞ ያውቀዋል» አሉኝ። እውነት ነው። ሞክሩት፤ ክብደታችሁ ወደ አንዱ እግር ሲሄድ ይሰማችኋል። ይህን ምንጣፍ ላይ አታገኙትም።

የመለማመጃ ግሪን ጉድለቱ መንገዱ ነው። ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው ለ15 ደቂቃ ልምምድ 40 ደቂቃ አይነዳም። ክረምት ላይ ደግሞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ጨርሳችሁ ስትወጡ ጨልሟል። ቤት ውስጥ አንድ ነገር መኖር አለበት የምለው ለዚህ ነው።

እውነተኛ ሣር ጓሮ ላይ

ባጭሩ፦ ተዉት። በተለይ እኛ አካባቢ።

ምክንያቱን ግን ልናገር፤ ብዙ ሰው «ቤርሙዳ ዘርቼ አሳጥሬ አጭደዋለሁ» ይላል። የቤት ማጨጃ ምላጩ እየተሽከረከረ ሣሩን መትቶ ይቆርጣል፤ ወደ 3 ሚሊሜትር መውረድም አይችልም። የግሪን ማጨጃ ሌላ ነገር ነው፤ ጥቅልል ምላጮቹ እንደ መቀስ ይቆርጣሉ። አዲሱ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ገዛችሁት እንበል። በማደጊያው ወቅት በየቀኑ ማለት ይቻላል መታጨድ አለበት። አሸዋ ይነሰነሳል፣ አፈሩ ይበሳሳል፣ ውኃው ይመጠናል። ከዚያ የሐምሌ ወበቅ ይመጣል። ሌሊቱም አይበርድም፣ ሣሩ ላይ ጤዛው አይደርቅም፣ ፈንገስ ይነሣል። ከበሽታዎቹ አንዱ ስሙ ዶላር ስፖት ነው፤ ሣሩ ላይ የብር ዶላር የሚያህሉ ክብ ክብ ነጫጭ ቦታዎች ይወጣሉ። የሣሩ ጌታ ኪስ ላይ የሚያደርሰውን ስታዩ ስሙ ይገባችኋል።

ጓሮው ላይ ትልቅ ዛፍ ካለ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። ግሪን ጥላ አይወድም። ሁለት ሳምንት አገር ቤት ሄዳችሁ ብትመለሱ የሚጠብቃችሁ ግሪን አይደለም፤ ማሳ ነው። ጊዜ ያለው፣ ጡረታ የወጣ፣ ሣር ማሳደግ ራሱ ደስ የሚለው ሰው ካለ አልከለክለውም። እሱ ግን የሚገዛው ሌላ ጨዋታ ነው።

ሰው ሠራሽ ግሪን

ጓደኛዬ ዋጋ የጠየቀው ይህን ነበር። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ገንዘቡም ማጭበርበሩም ያለው እዚህ ነው።

ክሩ በአብዛኛው ከሁለት ነገር ይሠራል፤ ከናይለን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን። ፖሊፕሮፒሊኑ ረዘም ያለ ነው፤ በክሮቹ መሐል እስከ ጫፋቸው ድረስ ለማለት ይቻላል አሸዋ ይሞላበታል። ኳሷ የምትንከባለለው ግማሽ በክር፣ ግማሽ በአሸዋ ላይ ነው። ጥቅሙ፣ ከሩቅ የመጣች ኳስ ስታርፍበት እንደ እውነተኛው ግሪን ትንሽ ይቀበላታል። ፍጥነቱንም በአሸዋው መጠንና በመዳመጥ ማስተካከል ይቻላል። ጉዳቱ፣ አሸዋው አይረጋም። ከባድ ዝናብ ሲጥል ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል፤ መጥረግ፣ መጨመር፣ መዳመጥ አለ። ናይለኑ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። አሸዋ አይፈልግም ወይም ጥቂት ይበቃዋል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከጓሮው ጫፍ አንስታችሁ የምትጥሉባት ኳስ ደግሞ እንደ አስፋልት ታነጥራለች። ለፓት ብቻ ከሆነ እኔ ናይለኑን እመርጣለሁ። አጫጭር ምት ከሩቅ መለማመድም ካማራችሁ ባለ አሸዋው። ለስላሳው ፖሊኢትሊን ለልጆች መጫወቻና ለግሪኑ ዙሪያ ጠርዝ እንጂ ለኳስ መንገድ አይሆንም።

ሻጩ ግን ስለ ክሩ ብቻ ነው የሚያወራው። ናሙናዋን በእጃችሁ ያስዳብሳችኋል፣ «ስቲምፑ 11 ነው» ይላል። ልብ በሉ፤ ግሪኑን የሚሠራው የማይታየው መሠረት ነው። አፈሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይወጣል። ጠጠር ይገባል፣ ላዩ ላይ የድንጋይ ብናኝ ይለበጣል፣ በመጠቅጠቂያ ማሽን ይጠቀጠቃል። በደንብ ካልተጠቀጠቀ የመጀመሪያው ክረምት ያጋልጠዋል። የእኛ አካባቢ አፈር ጭቃማ ነው፤ ውኃ ይይዛል፣ ሲበርድ ይቀዘቅዝና ያብጣል፣ ጸደይ ላይ ሲቀልጥ ይሰምጣል። ግሪናችሁም አብሮት።

አንድ የማውቀው ሰው ግቢ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ግሪኑ ያምራል። ጉድጓድ ሦስት አለው፣ ትንንሽ ባንዲራም። ከአንዱ ጉድጓድ አንድ ሜትር ፊት ለፊት ግን ሁለት የሣር ቁራጭ የተገጣጠመበት ስፌት አለ። ኳሷ እዚያ ስትደርስ ትንሽ ትነጥራለች፣ ወደ ግራ ትላለች። ሁልጊዜ። ሰውዬው ሳይታወቀው ወደ ቀኝ መግፋት ለምዶ ነበር። ሜዳ ሲሄድ ሁሉንም በቀኝ ይስታል። ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ ጥፋት ተለማመደ። ሠራተኞቹን ሲጠራ «ይለምዳል» አሉት። ማን ነው የሚለምደው፣ ኳሷ?

ሌላው ተዳፋት ነው። ሰው ሲያሠራ «እዚህ ጋ ኮረብታ፣ እዚያ ጋ ሸለቆ አድርጉልኝ» ይላል። በ10 ፍጥነት ላይ ከ3 በመቶ በላይ የሚያዘነብል ቦታ ለጉድጓድ አይመችም፤ ቁልቁል የተገፋች ኳስ ካልገባች ርቃ ትሄዳለች። 3 በመቶ ማለት በአንድ ሜትር 3 ሳንቲሜትር ነው። ከዚያ በታች፣ ለስለስ ባለ አቀበትና ቁልቁለት አሠሩት፤ ውኃውም ይወርዳል። ደግሞም ያው ተዳፋት ለዘላለም ያው ነው። በሦስት ወር ውስጥ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማንበብ የሚባለው ነገር ያኔ አለቀ።

ሙቀቱን አትርሱ። ሰው ሠራሽ ሣር በሐምሌ ፀሐይ በባዶ እግር አይረገጥም። ልጆች ካሉ ጫማ ይልበሱ፣ ወይም በቧንቧ ውኃ አቀዝቅዙት። ቤታችሁ በሰፈር ማኅበር የሚተዳደር ከሆነ ደግሞ ከመቆፈር በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

ዋጋው? ባለሙያ ሲሠራው በካሬ ጫማ ከ20 ዶላር በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው። 500 ካሬ ጫማ ብታሠሩ 10 ሺህ ዶላር አለፈ ማለት ነው። ጓደኛዬ ጓሮው ተዳፋት ስለሆነ የድጋፍ ግንብም ያስፈልገው ነበር።

ታዲያ ለማን ይሆናል? ጓሮውን ማጨድ ለሰለቸው፣ ልጆቹ ከስልክ እንዲነሡለት ለሚፈልግ፣ ቅዳሜ እንግዳ ሲመጣ ሥጋው እስኪጠበስ «ና እስኪ በአምስት ዶላር» ለሚል ሰው። ለዚህ ምርጥ ነው። «ጨዋታዬ ይሻሻልልኛል» ለሚል ግን ውድ መንገድ ነው።

ምንጣፍ

እኔ ቤት ያለው ይህ ነው። ቤዝመንት ውስጥ፣ በማጠቢያ ማሽኑና በግድግዳው መሐል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ቢሞላ ነው።

ቅድም ያልኩትን የባለሙያዎቹን ቁጥር አስታውሱ፤ ጨዋታው የሚለየው ከ1 እስከ 2.5 ሜትር ባለው ርቀት ነው። ከ3 ጫማ አንስቶ እስከ 8 ጫማ ድረስ ከ96 ወደ 50 በመቶ የሚወርደው እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ 3 ሜትር ምንጣፍ ትንሽ አይደለም፤ ልኩ ነው። የ6 ሜትር ምንጣፍ የሚገዛ ሰው ኮሪደሩን ያጣብባል እንጂ ብዙም አይጨምርም።

ሦስት ነገር እዩ። መጀመሪያ እጥፋቱን። ተጠቅልሎ የመጣ ርካሽ ምንጣፍ የመታጠፊያው መስመር አይለቀውም፤ ኳሷ ሁሌ እዚያ ትንገዳገዳለች። ወፈር ያለና ከሥሩ ጎማ ያለው ይሻላል። ከፈታችሁት በኋላ አንድ ቀን ገልብጣችሁ አስተኙት። ሁለተኛ፣ መጨረሻው ላይ ያለችውን ዳገት። ብዙዎቹ ኳሷ ወጥታ እንድትገባና እንድትመለስ ጫፋቸው ላይ ከፍ ያለ መወጣጫ አላቸው። ኳስ መመለሱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዳገቱን ለማውጣት ጠንከር አድርጎ መግፋት ይለመዳል። ሜዳ ላይ ያቺ ኳስ ጉድጓዱን ዘልላ ሁለት ሜትር ታልፋለች። የምመክረው ጠፍጣፋውን ነው። ፑትአውት የሚባለው ድርጅት የሚሸጣት የተጠማዘዘች መወጣጫ ግን ከዚህ ትለያለች፤ ኳሷ ጉድጓዱን ብትስት ኖሮ ምን ያህል አልፋ እንደምትሄድ ያህል ነው ወደ እናንተ የምትመልሳት። ጉልበትን የምታስተምር ብልሃት ናት።

ሦስተኛው ወለሉ ነው። እንጀራ የጋገረ ሰው ያውቀዋል፤ ምጣዱ ካዘነበለ እንጀራው በአንድ ጎኑ ይወፍራል። ቤዝመንትም እንደዚያው ነው፤ ብዙዎቹ ወደ ውኃ መውረጃው ያዘነብላሉ። ውሃ ልክ አምጥታችሁ ለኩ። ኳሷ ሁልጊዜ በአንድ በኩል የምትስት ከሆነ እጃችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ወለሉን ጠርጥሩ። እኔ አንድ ወር እጄን ስወቅስ ነበር።

ፍጥነቱን ደግሞ ለኩት። እውነተኛ ስቲምፕሜትር 91 ሳንቲሜትር የምትረዝም ቦይ ናት፤ ኳሷ የምትለቅቀው ቦዩ ወደ 20 ዲግሪ ሲያዘነብል ነው። ሜዳውም ላይ ምንጣፉም ላይ በራሳችሁ አንድ ቦይ፣ ከአንድ ከፍታ ከለቀቃችሁት ማወዳደሪያ ይሆናችኋል፤ ቁጥሩ ሳይሆን ልዩነቱ ነው የሚያስፈልገው። ሦስት ኳስ ወዲህ፣ ሦስት ኳስ ወዲያ። የምንጣፉ ጸጉር ወደ አንድ በኩል ስለሚተኛ በሁለቱ አቅጣጫ እኩል አይሄድም። ምንጣፉ በጣም ከፈጠነ ተቃራኒውን አቅጣጫ ተጠቀሙ፤ ብዙ ጊዜ ያስተካክላል።

ምንጣፍ መግዛት ያልፈለገ የቤቱ ካርፔት ይበቃዋል። ለመስመር ብቻ ከሆነ ኢላማዋ ሲኒ ትሁን። ሲኒ ከጎልፍ ጉድጓድ ትጠባለች፤ እሷን የነካ ጉድጓዱን አይስትም። የባለቤቴን የጀበና ዕቃ ነክቼ ምን እንደ ደረሰብኝ አልናገርም፤ እናንተ የፕላስቲክ ተጠቀሙ።

ከአሜሪካ ውጭ ላላችሁ አንድ ሁለት ቃል

ገልፍ አገራት ያላችሁ፣ እዚያ ግሪን ሁልጊዜ አረንጓዴ አልነበረም። አሸዋውን በዘይት አጠንክረው፣ በመጥረጊያ አለስልሰው ነበር የሚጫወቱት፤ ቡናማ ስለሆነም «ብራውን» ነው የሚሉት። ተጫዋቹ ኳሷን የሚመታባትን ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሣር ራሱ ይዞ ይዞር ነበር። ዱባይ ላይ ኤሚሬትስ ጎልፍ ክለብ ሙሉ በሙሉ የሣር ሜዳ ሆኖ የተከፈተው በ1988 ነው። በረንዳ ላይ ሰው ሠራሽ ግሪን ለማንጠፍ ያሰባችሁ፣ በጋውን አስቡበት፤ ቤት ውስጥ፣ ኤሲው ሥር ያለ ምንጣፍ ይሻላችኋል። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ስኮትላንድ ከሄዳችሁ ሴንት አንድሩስ ላይ ሂማላያስ የሚባለውን የፓት ሜዳ እዩት። የሴቶች የፓቲንግ ክለብ ነው፣ ከ1867 ጀምሮ። ለእንግዳም ክፍት ነው፤ ከነጉብታው ከነሸለቆው። ተዳፋት ማንበብ የሚባለውን በአንድ ከሰዓት ታገኙታላችሁ።

ጓደኛዬ ምን አደረገ?

ሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዝ አልኩት፤ ከሁለት ሜትር በታች የሳታትን እያንዳንዷን ኳስ ወዴት እንደሄደች ጻፍ። ጻፈ። ከአሥር ሰባቱ በቀኝ። ጉልበቱ ደህና ነው፤ የፓተሩ ፊት ነው የሚከፈትበት። የዚህ መድኃኒቱ ግሪን አይደለም፤ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ የብረት ማስመሪያ። ኳሷን ማስመሪያው ጫፍ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ትገፋታለህ፤ ሳትወድቅ እስከ ጫፍ ከሄደች ፊቱ ቀጥ ነው። መጀመሪያ ቀን ከሃያ አራት ብቻ ናት የሄደችለት። እሁድ እሁድ ደግሞ ነጻው ግሪን ላይ እንገናኛለን፤ ረጅሙንና ተዳፋቱን እዚያ እንሠራለን።

ጓሮውን ግን አልተወውም፤ ልጆቹ ይዘውታል። የሚቀጥለው ጸደይ ላይ ትንሽዬ፣ 200 ካሬ ጫማ ናይለን ሊያሠራ ነው። ለጨዋታ እንጂ ለልምምድ እንዳልሆነ አውቆ። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም፦ መሠረቱ ስንት ሳንቲሜትር እንደሚቆፈርና በምን እንደሚሞላ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ስፌት ካለ የት እንደሚያርፍ በሥዕል ያሳዩአችሁ፤ ከጉድጓድ ሁለት ሜትር ወዲህ አይሁን። ሁሉም ቁራጭ ጸጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ። ጉድጓዶቹ ከሥራቸው ውኃ ማውጫ ይኑራቸው፤ አለበለዚያ ከዝናብ በኋላ ኳሷን ከኩሬ ነው የምታወጧት። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ወዲያው አትፈርሙ። እስኪመሽ ጠብቁ። የእጅ ባትሪ መሬት አስነክታችሁ፣ ብርሃኑን ሣሩ ላይ በጎን ልቀቁት። ጥላ የሠራው ሁሉ ጉብታ ነው፤ በኖራ ምልክት አድርጉበት። ጠዋት ሠራተኞቹ ሲመጡ ኳስ ስጧቸውና በየምልክቱ ላይ ራሳቸው ይግፉ። ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ።